መሬቱ የማን ነው? አሜሪካ ውስጥ በሕዝብ መሬት ላይ መኪና አቁሞ ወይም ድንኳን ተክሎ ለማደር

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ገደማ ነበር። የኋላውን ወንበር አጥፈን፣ ስስ ፍራሽ አንጥፈን፣ ጋቢ ደርበን ተኝተናል። መስኮቱ ተንኳኳ። የባትሪ መብራት ዓይናችን ላይ በራ። የፓርክ ሬንጀር (ጠባቂ) ናት።

«እዚህ ካምፕ ማድረግ ክልክል ነው» አለች።

«ካምፕ አላደረግንም፤ ድንኳን እንኳ የለንም። ደክሞን ትንሽ አረፍ ብለን ነው» አልኳት።

መልስ አልሰጠችኝም። ባትሪውን ቀስ አድርጋ ትራሱ ላይ አበራች። ከዚያ ጋቢው ላይ። ከዚያ መስኮቱን የሸፈንበት ካርቶን ላይ። ጓደኛዬ በአማርኛ «በቃ፣ ተበላን» አለ።

በኋላ ደንቡን ሳነበው ገባኝ። በብሔራዊ ፓርክ ደንብ ካምፕ ማድረግ ማለት ድንኳን መትከል ብቻ አይደለም። መኝታ ማንጠፍም፣ ለማደር አስቦ መኪና ማቆምም ካምፕ ማድረግ ነው። ጋቢያችን መሰከረብን። ደግነቱ ትኬት አልጻፈችም። «ሃያ ደቂቃ ወደ ታች ንዱ፤ ከፓርኩ ወሰን ስትወጡ ብሔራዊ ደን ነው። እዚያ በነፃ ማደር ትችላላችሁ» ብላ ሸኘችን። ሄድን። ያው ተራራ፣ ያው ጥድ፣ ያው ብርድ። የተለወጠው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ የተማርኩትን ነው እዚህ የማሰፍረው። ዴንቨር፣ ላስ ቬጋስ፣ ሲያትል ወይም ዲሲ አካባቢ ሆናችሁ ቅዳሜና እሁድን ከከተማ ወጣ ለማለት ለምታስቡ።

1. መጀመሪያ ባለቤቱን ለዩ

ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ጋ ነው። አጥር ከሌለ፣ ሰው ከሌለ፣ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ታፔላ ከሌለ፣ «የመንግሥት መሬት ነው» ብለን እንተኛለን። እዚህ አገር ግን የመንግሥት መሬት የሚባለው በብዙ መሥሪያ ቤት የተከፋፈለ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ደንብ አለው።

ለአዳሪ በጣም ለጋሱ ቢኤልኤም የሚባለው የፌደራል መሬት አስተዳደር ቢሮ ነው። ወደ 245 ሚሊዮን ኤከር ይዟል፤ አብዛኛው በምዕራብ ግዛቶችና በአላስካ ነው። ከኔቫዳ መሬት ከግማሽ በላዩ በእሱ እጅ ነው። ሁለተኛው ፎረስት ሰርቪስ ነው። ብሔራዊ ደኖችን ያስተዳድራል፤ ወደ 193 ሚሊዮን ኤከር። በእነዚህ በሁለቱ መሬት ላይ፣ ተከልክሏል ካልተባለ በቀር፣ ከካምፕ ግራውንድ (ለማደሪያ ተብሎ ከተዘጋጀ ሰፈር) ውጭ ያለ ክፍያና ያለ ቦታ ማስያዝ ማደር ይቻላል። ስሙ «ዲስፐርስድ ካምፒንግ» ነው። ቃሉን ያዙት፤ ስልክ ስትደውሉ በዚህ ስም ነው የምትጠይቁት።

ብሔራዊ ፓርክ ሌላ ዓለም ነው። የሎውስቶን፣ ዮሰሚቲ፣ ሼናንዶዋ ውስጥ መኪና ይዞ የሚታደረው በተመደበ ካምፕ ግራውንድ ብቻ ነው። በእግር ጫካ ገብቶ ለማደር ደግሞ ፈቃድ ያስፈልጋል። አብዛኛውን የካምፕ ግራውንድ ቦታ የምታስይዙት ሪክሪኤሽን ዶት ጎቭ ላይ ነው። ብዙዎቹ ከ6 ወር በፊት ይከፈታሉ፤ ታዋቂዎቹ ደግሞ በደቂቃዎች ውስጥ ያልቃሉ።

አሳሳቹ የስቴት ትረስት ላንድ የሚሉት ነው። ባዶ ሜዳ ነው፤ ላም ሊግጥበት ይችላል። ሲያዩት ከቢኤልኤም አይለይም። ግን ለትምህርት ቤቶችና ለመሳሰሉት ገቢ እንዲያስገኝ የተያዘ የግዛት መሬት ነው። አሪዞና ላይ በቅድሚያ ፈቃድ መግዛት አለባችሁ። ኮሎራዶ ላይ አብዛኛው ጭራሽ ለሕዝብ ክፍት አይደለም።

ታዲያ በምን ይለያል? በካርታ ቀለም። በቢኤልኤም የመሬት ይዞታ ካርታ ላይ ቢጫው ቢኤልኤም ነው። አረንጓዴው ብሔራዊ ደን ነው። ውሃ ሰማያዊው የግዛት መሬት፣ ነጩ የግለሰብ ነው። ነጭ ላይ አትደሩ፤ ሽጉጥ የያዘ ባለመሬት ሌሊት መጥቶ ቢያነጋግራችሁ አይገርምም። ጋያ ጂፒኤስና ኦንኤክስ የተባሉት አፖች ይህንኑ ይዞታ ስልካችሁ ላይ ያሳያሉ። ካርታውን ቤት ሳላችሁ አውርዱት። ተራራው ላይ ኔትወርክ የለም።

ቀለሙ ብቻውን ግን አይበቃም። ላስ ቬጋስ ሥር ያለው ሬድ ሮክ ካንየን የቢኤልኤም ነው፤ ሆኖም ከካምፕ ግራውንዱ ውጭ ማደር አይቻልም። ሞአብ፣ ዩታ ዙሪያም ቢጫ መሬት ሞልቷል፤ ብዙው ቦታ ላይ ግን በቁጥር ምልክት በተደረገበት ቦታ ላይ ብቻ ነው የሚታደረው፣ ያውም የራስን መጸዳጃ ይዞ። ሕዝብ የበዛበት ቦታ ሁሉ ወደዚህ እየሄደ ነው። የዲሲ ሰዎች ደግሞ ሼናንዶዋ ፓርክ ቦታ ስታጡ ተስፋ አትቁረጡ። አጠገቡ ያለው የጆርጅ ዋሽንግተንና ጄፈርሰን ብሔራዊ ደን ዲስፐርስድ ካምፒንግ ይፈቅዳል።

2. በሥራ ቀን ደውሉ

እያንዳንዱ ብሔራዊ ደን በሬንጀር ዲስትሪክት ተከፍሏል። ቢኤልኤም ደግሞ ፊልድ ኦፊስ የሚሉት የየአካባቢ ቢሮ አለው። አርብ ማታ ከሥራ ወጥቶ መደወል ዋጋ የለውም፤ ሐሙስ ቀን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ደውሉ። ስልክ የሚያነሱት ሰዎች ብዙ ጊዜ ደስ የሚሉ ናቸው። መንገዱን በእግራቸው ያውቁታል። እንግሊዝኛዬ ይሰባበራል ብላችሁ አትፍሩ። የምትጠይቁት ይኸው ነው፦ በዚህ ቁጥር መንገድ ላይ ዲስፐርስድ ካምፒንግ ይፈቀዳል ወይ? ስንት ቀን? የእሳት ክልከላ አለ ወይ፣ ስንተኛ ደረጃ? መንገዱ ለትንሽ መኪና ይሆናል ወይ? ስለ ድብ የተለየ ትእዛዝ አለ ወይ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ሰው ሁሉ ይረሳዋል። እመለስበታለሁ።

3. በመንገድ ጉዳይ ከካርታው አትውጡ

ፎረስት ሰርቪስ የሞተር ተሽከርካሪ ካርታ ያወጣል፤ በምኅጻር «ኤምቪዩኤም» ይባላል። በነፃ ነው። አቬንዛ በሚባለው አፕ ስልክ ላይ ይጫናል፤ ያለ ኢንተርኔትም የቆማችሁበትን ነጥብ ያሳያችኋል። ሲያዩት አያምርም። ጥቁርና ነጭ ነው፣ መስመርና ቁጥር ብቻ። ግን ሕጉ እሱ ነው። መንገዱ መሬት ላይ ቢኖርም ካርታው ላይ ከሌለ መንዳት ክልክል ነው። አንዳንድ መንገድ የሚከፈተው ከሰኔ እስከ ኅዳር ነው፤ ቀኑ ጠርዙ ላይ ባለው ሠንጠረዥ ተጽፏል።

መንገዱ ዳር ነጠብጣብ ካያችሁ፣ እዚያ ለማደር ከመንገዱ ገባ ብሎ መንዳት ይፈቀዳል ማለት ነው። ርቀቱን ካርታው ራሱ ይናገራል፤ ብዙ ቦታ እስከ 300 ጫማ ነው። ነጠብጣብ ከሌለ ከመንገዱ ጠርዝ በአንድ መኪና ርዝመት ውስጥ ቆማችሁ፣ ድንኳኑን በእግር ወስዳችሁ ትተክላላችሁ።

የከብት በር ካጋጠማችሁ እንዳገኛችሁት ተዉት። ተዘግቶ ካገኛችሁት ዝጉት፤ ክፍት ከነበረ ክፍት ይሁን። ባለከብቱ ያውቅበታል።

4. ቦታ አመራረጥ

ፀሐይ ሳትጠልቅ ድረሱ። ይህ ሕግ አይደለም፣ ምክር ነው። በጨለማ የተመረጠ ቦታ ጠዋት ሲያዩት ሁሌም ያሳፍራል። እኔ አንዴ የሰው መግቢያ በር ላይ አድሬ አውቃለሁ።

ሰው ያደረበትን ቦታ ፈልጉ። ሣሩ የጠፋ፣ የድንጋይ ክብ ያለበት። አዲስ መስክ ላይ መኪና አታስገቡ። ከወንዝና ከሐይቅ 200 ጫማ ራቁ፤ ለአዋቂ ሰው 70 እርምጃ ገደማ ነው። ቁጠሩት። ወንዝ ዳር ማደር ለዓይን ደስ ይላል፤ ግን ውሃው የአውሬውም ነው። ብዙ ቦታም በደንብ ተከልክሏል።

በረሃ ውስጥ ደግሞ አሸዋማ ደረቅ ወንዝ ታያላችሁ። ለጥ ያለ፣ ለስላሳ፣ ለፍራሽ የተሠራ ይመስላል። እንዳትሞክሩት። ደራሽ ውሃን እኛ አገር ያየ ሰው ብዙ ማስረዳት አያስፈልገውም። ዝናቡ 20 ማይል ርቆ ይዘንባል፤ እናንተ ላይ ሰማዩ ኮከብ ነው፤ ውሃው ግን ይመጣል። ሮኪ ተራሮች ላይ የሚያሰጋው ሌላ ነው። ጢንዚዛ የጨረሳቸው የደረቁ ጥዶች ብዙ ናቸው። ነፋስ ሲነሳ ይወድቃሉ። ድንኳን ከመትከላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ እዩ።

ብርዱን አትናቁ። ዴንቨር 5,280 ጫማ ላይ ናት። አንድ ሰዓት ተኩል ነድታችሁ 10,000 ጫማ ላይ ካደራችሁ ሐምሌም ቢሆን ሌሊቱ የደብረ ብርሃን ታኅሣሥ ነው።

5. ቀኑን ቁጠሩ

የተለመደው ጣሪያ 14 ቀን ነው። ቢኤልኤም ላይ ብዙ ጊዜ «በ28 ቀን ውስጥ 14 ቀን» ይባላል። ከዚያ መልቀቅ ነው። መልቀቅ ማለት መኪናውን ወደ ማዶው ዛፍ ማዞር አይደለም፤ እንደየቦታው 25 ወይም 30 ማይል መራቅ ነው። ከዚህ ያነሰ ቀን የሚፈቅዱ ደኖችም አሉ። ንብረት ትቶ ቦታ ይዞ መሄድም አይቻልም።

ክረምቱን ሙሉ አንድ ቦታ መቆየት ለሚፈልግ መፍትሔ አለ። አሪዞና ውስጥ ኳርትዝሳይት አጠገብ ቢኤልኤም የረጅም ጊዜ ማደሪያ አዘጋጅቷል። ከሴፕቴምበር 15 እስከ ኤፕሪል 15 ድረስ በ180 ዶላር ይቆዩበታል፤ ለ14 ቀን ብቻ ከሆነ 40 ዶላር ነው። ጡረተኞቹ ፈረንጆች በሺህ እየሆኑ ይሰፍሩበታል። መንደር ነው የሚመስለው።

6. እሳትና የቡና ነገር

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ምክንያቱም እኛን የሚያስቀጣን ይኸኛው ነው።

በጋው ሲደርቅ መሥሪያ ቤቶቹ የእሳት ክልከላ ያውጃሉ። ደረጃ አንድ ሲታወጅ ከካምፕ ግራውንድ ውጭ እንጨት ማንደድ ያበቃል። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማይታወቀው ከሰልም አብሮ መከልከሉ ነው። «ነበልባል የለውም እኮ» ብሎ ነገር አያድንም። ስለዚህ ማንደጃ ይዞ መውጣት፣ ፍም አድርጎ ቡና ማፍላት፣ ዕጣን ማጨስ፣ ያ ሁሉ በክልከላ ጊዜ ከካምፕ ግራውንድ ውጭ የለም። የሚፈቀደው መዝጊያ ያለው የጋዝ ምድጃ ነው። ጠፍቶ የሚበራ፣ በእጅ የሚዘጋ። ጀበና የጋዝ ምድጃ ላይ ይወላከፋል፤ እኔ ትንሽ የብረት ወንፊት ከላይ አስቀምጬ እጠቀማለሁ። ቡናውን ቤት ቆልታችሁ፣ ወቅጣችሁ ኑ። ጣዕሙ ያው ነው፤ የሚጎድለው ጭሱ ብቻ ነው።

ደረጃ ሁለት ላይ ካምፕ ግራውንድ ውስጥም እሳት አይነድም። የጋዝ ምድጃው ግን አብዛኛውን ጊዜ ይፈቀዳል። ለዚህ ነው «ስንተኛ ደረጃ?» ብላችሁ ጠይቁ ያልኩት።

ካሊፎርኒያ ለብቻዋ ናት። ከካምፕ ግራውንድ ውጭ የጋዝ ምድጃ ለመለኮስ እንኳ የካምፕ ፋየር ፈቃድ ያስፈልጋል። በነፃ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ አጭር ቪዲዮ አይታችሁ፣ ጥቂት ጥያቄ መልሳችሁ ታወጡታላችሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያገለግላል።

ክልከላ ከሌለ አንድዱ። እንጨቱን ግን ከቤት ጭናችሁ አትምጡ፤ ተባይ ይጓዝበታል። እዚያው አካባቢ ግዙ፣ ወይም የወደቀ ልቀሙ። ስታጠፉ ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ። በመጨረሻ አመዱን በመዳፋችሁ ጀርባ ንኩት። ካቃጠለ አልጠፋም። በፈረንጆቹ 2020 ኮሎራዶ ውስጥ ካሜሮን ፒክ የተባለው ቃጠሎ ከ208,000 ኤከር በላይ በልቷል፤ በግዛቷ ታሪክ ትልቁ ነው። ቃጠሎ ያስነሳ ሰው የማጥፊያውን ወጪ ሊጠየቅ ይችላል። ያንን ሒሳብ ዕድሜ ልክ ሠርተን አንከፍለውም።

አንድ ነገር ደግሞ። ከሰል መኪና ወይም ድንኳን ውስጥ አታስገቡ። «ፍሙ ነጥቷል፣ ጭስ የለውም» አይባልም። የሚገድለው የማይታየው ነው። ከሰል ታፍኖባቸው ያላነጉ ሰዎች ወሬ አገር ቤት ሰምተናል። ያው ከሰል ነው።

7. መጸዳጃ

ደስ የማይል ርዕስ ነው፤ ግን ቦታዎች እየተዘጉ ያሉት በዚህም ነው። ትንሽ አካፋ ያዙ። ከውሃ፣ ከመንገድና ከሰፈሩ 200 ጫማ ርቃችሁ ከ6 እስከ 8 ኢንች ጥልቀት ቆፍሩ፤ ስትጨርሱ መልሱት። ሶፍቱን አትቅበሩ፤ በፌስታል ቋጥራችሁ ይዛችሁ ተመለሱ። በረሃ ላይ ነገር አይበሰብስምና ብዙ ቦታ ሁሉንም ይዞ መውጣት ግዴታ ነው። ለዚህ የሚሆን ዱቄት ያለው ከረጢት የካምፕ ዕቃ መደብር ይሸጣል፤ «ዋግ ባግ» በሉት።

ዕቃ ያጠባችሁበትን ውሃም ወንዝ ውስጥ አትድፉ።

8. ድብና ዶሮ ወጥ

ድብ ከማይል ርቀት ያሸታል። እኛ ደግሞ ይዘን የምንወጣው ምንድነው? በንጥር ቅቤ የተሠራ ዶሮ ወጥ። ለድብ ይህ የሠርግ ጥሪ ነው።

በብዙ ደኖች የምግብ አቀማመጥ ትእዛዝ አለ። ትእዛዝ ነው፤ መጣስ ያስቀጣል። አንዳንድ ቦታ ምግቡን መኪና ውስጥ ቆልፎ ማደር ይበቃል። አንዳንድ ቦታ ድብ የማይከፍተው ጣሳ ግድ ነው። ዮሰሚቲ ውስጥ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ማታ ምግብ መኪና ውስጥ መተው ክልክል ነው፤ የብረት ሳጥኑ ውስጥ ይገባል። እዚያ ድቦቹ በር መገንጠል ለምደዋል። በየትም ቦታ ግን ድንኳን ውስጥ ምግብ አይገባም። የጥርስ ሳሙና፣ ቅባት፣ የሕፃን ወተት፣ ሁሉም ምግብ ነው። የዳቦ ቆሎ ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚተኛ ሰው አውቃለሁ። እሱንም ፈትሹት።

9. ሬስት ኤሪያና የመኪና ማቆሚያ

ይህ የሕዝብ መሬት ሳይሆን የመንገድ ጉዳይ ነው፤ ባጭሩ። ሬስት ኤሪያ፣ ማለት የአውራ ጎዳና ዳር ማረፊያ፣ የግዛት ነው፤ ሰዓቱም በግዛት ይለያያል። ካሊፎርኒያና የዋሽንግተን ግዛት 8 ሰዓት ይሰጣሉ። ኔቫዳ 18። ቴክሳስ 24። በአብዛኛው ድንኳን አይተከልም። ትሬይልሄድ የሚሉት የእግር ጉዞ መነሻ ላይ ማደርም የሚፈቀድበትና የማይፈቀድበት አለ፤ ታፔላውን አንብቡ። ሲያትል አካባቢ ብዙው ትሬይልሄድ የመኪና ማቆሚያ ፓስ ይፈልጋል፤ በብሔራዊ ደን ኖርዝዌስት ፎረስት ፓስ፣ በግዛቱ መሬት ዲስከቨር ፓስ። አንዱ ለሌላው አይሠራም።

ስለ ፓስ ካነሳን፣ እናት ወይም አባት አብረዋችሁ ካሉ ይህን ስሙ። ዕድሜያቸው 62 ከሞላና ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያላቸው ከሆኑ፣ የፌደራሉን የሲኒየር ፓስ በ80 ዶላር ለዕድሜ ልክ ያገኛሉ፤ ለአንድ ዓመት በ20። በእሳቸው ፓስ መኪናው ሙሉ ሰው ፓርክ ይገባል። ብዙ የፌደራል ካምፕ ግራውንዶችም ላይ ግማሽ ዋጋ ያስከፍላል። አክስቴ ፓሱን ካወጣች ወዲህ ያለ እሷ ጉዞ የለም። ጥሎብን እናከብራታለን፤ ፓሱም ደግሞ አለ።

10. መስኮቱ ከተንኳኳ

መብራት አብሩ፤ እጃችሁ ይታይ። መታወቂያ ከመፈለጋችሁ በፊት «ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ላውጣው?» በሉ። ብዙ ሬንጀሮች ብቻቸውን ነው የሚዞሩት፤ እነሱም ይፈራሉ። አትከራከሩ፤ «ተኝተን አልነበረም» አትበሉ፤ ጋቢው ይታያል። ከተሳሳታችሁ «የት ማደር እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ። እኔን ያዳነኝ እሱ ነው።

ትኬት ከተጻፈ የፌደራል ትኬት ነው። ከተማ ውስጥ ከምታገኙት የፓርኪንግ ወረቀት ጋር አታምታቱት። ጀርባው ላይ የመክፈያ መንገድና የቀጠሮ ቀን አለ። ቀኑ እንዲያልፍ አትፍቀዱ፤ ፍርድ ቤት ካልቀረባችሁ የመያዣ ትእዛዝ ሊወጣ ይችላል። ዜግነት ገና ያልወሰዳችሁ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የዜግነት ማመልከቻው ኤን-400 ላይ ተይዛችሁ፣ ተከሳችሁ ወይም እንዲህ ዓይነት ትኬት ተሰጥቷችሁ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር አለ። መልሱን በምትሞሉበት ቀን ወረቀቱ ያስፈልጋችኋል። ትኬቱንና የከፈላችሁበትን ደረሰኝ ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ ላይ አስቀምጡት።